ዘይቱ ከውኃው በኋላ ይምጣ

ጎንደር ውስጥ ጥቅምት መግባቱን መጀመሪያ የሚያውቀው ፊታችን ነው። ዝናቡ ያቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ደረቁ ነፋስ ይነሳል። ታጥበን ፎጣውን ሳንሰቅል ቆዳችን ውጥር ይላል። አፍንጫ ሥር ይላጣል። ያኔ ሁሉም ዘይት ፍለጋ ይወጣል።

እኔም የፊት ዘይት እወዳለሁ። ማታ ማታ እቀባለሁ። የሚያሳስበኝ አቀባባችን ነው። ብዙዎቻችን የምንቀባው ፊታችን ከደረቀ በኋላ፣ ያውም በመዳፍ ሙሉ ነው።

ዘይት ውስጥ ውኃ የለም። ዋናው ሥራው ቆዳችን የያዘው እርጥበት ቶሎ ተንኖ እንዳያልቅ መክደን ነው። ምጣድ ላይ ሊጥ ሳይፈስ አክንባሎ ቢደፋ ምን ይበስላል? ደረቅ ፊት ላይ የተቀባ ዘይትም ያው ነው። ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል። ከሥሩ ግን ብዙ የሚይዘው እርጥበት የለም። ስለዚህ ፊትን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ በፎጣ ሳይፈትጉ ጫን ጫን አድርጎ፣ ገና እርጥብ እያለ መቀባት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ይበቃል። ግሊሰሪን ያለው ቅባት የሚጠቀም ሰው መጀመሪያ እሱን፣ ዘይቱን ከላይ።

ባለፈው በጋ የእህቴ ልጅ ግንባሯ በብጉር ተሞልቶ መጣች። «አክስቴ፣ ተፈጥሯዊ ነው ብለውኝ እኮ ነው» አለችኝ። ከቦርሳዋ ያወጣችው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀዳ ዘይት ነበር። ስም የለው፣ ቀን የለው። የገዛችው ከገበያ ነው። እኛ ቤት አድሮ ጠዋት ብናየው እንደ ቅቤ ነጭ ሆኖ ረግቷል። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ሲሆን ይረጋል። ጠረኑም እሱው ነበር። ለፀጉር ደህና ዘይት ነው። ፊቱ ወዛም ለሆነና ብጉር ለሚያስቸግረው ሰው ግን ቀዳዳ ይደፍናል። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ወዛም ናት! ጥፋቷ ምንድን ነው? ስሙ ቢጻፍበት ኖሮ ጠይቃ፣ አንብባ ትተወው ነበር።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። የወይራ ዘይትን እንውሰድ። ስንቶቻችን ነን ፊት ላይ እሱን የሚያህል የለም የምንለው? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት 19 ሰዎች ክንዳቸው ላይ ዘይት እንዲቀቡ አድርጎ ነበር። የወይራው የቆዳን መከላከያ ሽፋን ሲያዳክም፣ የሱፍ አበባው ግን ሳይጎዳው እርጥበቱን አሻሽሏል። ምክንያቱ የዘይቶቹ ይዘት ነው። በወይራ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ኦሌይክ አሲድ የሚባል የስብ ዓይነት ነው፤ በሱፍ አበባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ሌላ ዓይነት። የራሳችን ኑግም ሊኖሌይክ አሲድ የሞላው ነው፤ ጠረኑ ከበድ ስለሚል ፊት ላይ ባልመርጠውም። ለማንኛውም አዲስ ዘይት ሲገዛ መጀመሪያ አገጭ ሥር ትንሽ ቀብቶ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ፀሐዩ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆመን የምንውል ሰዎች ነን። ፊታችን በዘይት ወዝ ስላለው ብቻ የተጠበቀ ይመስለናል። አልተጠበቀም። ዘይት የፀሐይ መከላከያን አይተካም፤ ማድያት ያለበት ሰው ደግሞ ይህን በፍጹም መርሳት የለበትም። ቀን የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ነጠላና ጃንጥላ። ዘይቱ ለማታ ይቆይ።

ዘይት ለምትሸጡ እህቶችና ወንድሞች አንድ ልመና አለኝ። ፕላስቲኩ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉልን። የምን ዘይት እንደሆነ፣ ሌላ የተቀላቀለበት ነገር ካለ፣ መቼ እንደተጨመቀ። በእስክሪብቶ ቢሆንም ይበቃናል።