ጠቢብ፣ ጠይብ፣ ቴክኖሎጂ

ለእህቴ ሠርግ ቀሚስ ላሠራ ሽሮ ሜዳ ሄጄ፣ ሸማኔው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ጥበቡ ምን ያህል ይስፋ?» ብለው ነው። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ያፈራርቃል፤ እጃቸው መወርወሪያውን በድሩ መሃል ያሳልፋል። ጥበቡ ላይ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፤ ክሩን እየቆጠሩ ባለቀለሙን በጣታቸው ያስገባሉ። ንድፉ የሰፈረበት ወረቀት የለም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቴክኖሎጂ ነው» ብላቸው ሳቁብኝ። «እሱስ እዚያ ነው» አሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የሞባይል ጥገና ሱቅ በአገጫቸው እያመለከቱ።

አልፈርድባቸውም። ቴክኖሎጂ ስንል በኮንቴይነር የሚገባና ቻርጅ የሚደረግ ዕቃ ነው የሚታየን። ግሪኮች ግን «ቴክኔ» የሚሉት ሙያን ነበር፤ የመርከብ ሠሪውም የሐኪሙም ሙያ ቴክኔ ነው። «ሎጎስ» ደግሞ ቃል፣ ነገር ማለት ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ቤክማን በ1777 እ.ኤ.አ. ስለ ቴክኖሎጂ መጽሐፍ ሲያሳትም እንኳ የጻፈው የእጅ ባለሙያው እንዴት እንደሚሠራ ስለሚያጠናው ትምህርት ነው። ቃሉ የዕቃው መጠሪያ የሆነው ኋላ ላይ ነው።

ሥሩ ድረስ ከተወረደማ ሸማኔው ደጃፍ ይደረሳል። የቋንቋ አጥኚዎች ቴክኔን፣ አናጺ ማለት የሆነውን «ቴክቶን»ንና መሸመን ማለት የሆነውን የላቲን «ቴክሴሬ» ከአንድ ግንድ ያወጧቸዋል። ቴክስታይል ከዚያ መጣ፤ በስልክ የምንላላከው ቴክስትም እንደዚሁ። በማርቆስ ወንጌል 6፥3 የናዝሬት ሰዎች ኢየሱስን «ጸራቢ» ብለው ሲያናንቁት፣ በግሪክኛው ያለው ቃል ቴክቶን ነው።

«ለቴክኖሎጂ አማርኛ ይፈለግለት» የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣል። እኔን ግን የሚከነክነኝ የነበረንን ምን እንዳደረግነው ነው። ጥበብ ስንል እውቀትም፣ የእጅ ሥራም፣ የቀሚሱም ጌጥ ነው። ከዚያው ሥር የወጣው ጠቢብ ግን ለሁለት ተከፈለ፤ መጽሐፍ ያገላበጠው ጠቢብ ተብሎ ተከበረ፣ ብረት የቀጠቀጠውና ሸክላ የሠራው ጠይብ ተብሎ ተገፋ። አልበቃ ብሎ ቡዳ ነው ተባለ፤ ማረሻውን ግን ከእሱው እንገዛለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት፣ ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ እየተባለ ማን ሙያ ይይዛል ብለው ነው።

ቀሚሱን ልወስድ የተመለስኩ ዕለት ሸማኔውን ሙያውን ለልጃቸው አስተምረውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ኧረ ምን በወጣው! ክሩን እንኳ አላስነካሁትም» አሉኝ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ የእሱ ነው።