ባንክ ወስዶት የነበረው ቤት

አንድ ወዳጃችን ሜሪላንድ፣ ግሌንሞንት ውስጥ ቤት ሊገዛ ነው። በ1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ያለው። ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ፎቶውን ሲያሳየን ሁላችንም «እንዴት ያምራል!» አልን። አንዱ ግን ስልኩን ተቀብሎ የሽያጭ ማስታወቂያውን ገጽ ወደ ታች ሳበና የቤቱን የሽያጭ ታሪክ አገኘ። እዚህ ሜሪላንድ ቤት በስንት እንደተሸጠ ምስጢር አይደለም። ጎረቤትህ ስንት እንደከፈለ አልጋህ ላይ ተጋድመህ ታያለህ።

በ2006 በ450 ሺህ ዶላር ተሸጠ። በ2010 ባንክ ወሰደው። በ2011 በ260 ሺህ ተሸጠ። በቅርቡ አንድ ኩባንያ በ410 ሺህ ገዛው። ስድስት ወር ሳይሞላው ደግሞ 615 ሺህ ተብሎ ገበያ ወጣ።

«የ260 ሺህ ቤት በ615 ሺህ? ሞኝህን ፈልግ በላቸው!» አለ ስልኩን የያዘው።

«አንተ እኮ በ2012ም ገና ይወርዳል ስትለን ነበር» አለው ሌላው። «ይኸው እስካሁን ተከራይ ነህ።» ሳቅን።

አንዲት እናት ዋጋው አላሳሰባቸውም። «ባንክ የወሰደው ነው? ልጄ፣ የሰው እንባ ያለበት ቤት ገፊ ነው።»

«እትዬ፣ ያኔ እኮ ቤቱን ያልተወሰደበት ማን ነበር?» አለች ከመካከላችን ነርስ የሆነችው። «ደመወዝህ ስንት ነው ሳይባል ብድር ይሰጥ ነበር። ወለዱ ሲጨምር ሰው መክፈል አቃተው። የገፋቸው ብድሩ ነው፤ ቤቱ ምን አደረገ?»

ገዢው ስለ ሰፈሩ ማውራት ጀመረ። ሬድ ላይን የሚባለው የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር መስመር ቅርብ ነው፤ ግሌንሞንት የመጨረሻው ፌርማታ ስለሆነ ጠዋት መቀመጫ አያጣም። ለልጆቹ ደግሞ ዊተን ሪጅናል ፓርክ አለ። «ቤቱን የምታገዛኝን ኤጀንት ሐበሻ ይበዛል ወይ ብላት ግን ዝም አለችኝ» አለ። ዝም ማለቷ ትክክል ነው። ከ1968 ጀምሮ በመኖሪያ ቤት ላይ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ስላለ ኤጀንቶች በሰፈሩ ማን እንደሚኖር ከማውራት ይሸሻሉ። «እሁድ ጠዋት መንገድ ዳር ቁም» አለችው ነርሷ፤ «ነጠላ የለበሰ ካለፈ አለ ማለት ነው።»

እኔን ከጠየቃችሁኝ 2006ም 2011ም ለዚህ ሰው አይጠቅሙትም። በ2011 ዋጋ የሚሸጥለት የለም። እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው መስመር ነው። ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ 205 ሺህ የጨመረው ምን ተሠርቶበት ነው? ወለሉ አዲስ ነው፣ ግድግዳው እንደ ሁሉም ግራጫ ተቀብቷል፣ ኩሽናው ነጭ ሆኗል። የቤዝመንቱን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ያው አሮጌው ነው፤ ታችኛው ጠርዙ ዝጓል። ዝገት ያለ ውሃ አይመጣም። ከሥሩ ያለው ግድግዳ ደግሞ ትናንት የተቀባ ይመስላል።

ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ የሚያውቀውን ስውር ጉድለት መናገር ግዴታው ነው። ከዚያ ውጭ ግን «ቤቱን እንዳለ ነው የምሸጠው» ብሎ መፈረም ይችላል። ስለዚህ ራስህ መፈተሽ አለብህ። ግሌንሞንት ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የወጡ የግንባታ ፈቃዶች በአድራሻ ይገኛሉ። ለመብራቱ ፈቃድ ወጥቷል ወይ?

የቤት ታክሱም አለ። የማስታወቂያው ገጽ ላይ ያለው የድሮው ባለቤት ሲከፍል የነበረው ነው። በዚህ ስቴት በቤቱ ራሱ ለሚኖር ሰው ታክስ የሚታሰብበት የቤት ዋጋ ግምት በአንዴ እንዳይዘል የሚይዝ ቅናሽ አለ፤ ቤቱ ሲሸጥ ያ ቅናሽ ይቀራል። ግምቱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ወርሃዊ ክፍያውን በድሮው ታክስ ያሰላ ሰው ኋላ ይደነግጣል። ወዳጃችንም ያሰላው በዚያው ነው።

ሰፈሩ ላይ አልከራከርም፣ ጥሩ ነው። ግን ፈቃዶቹን ሳያይ፣ ቤዝመንቱን ኢንስፔክተር ሳያስፈትሽ ኦፈር (የግዢ ጥያቄ) እንዳያስገባ ነግሬዋለሁ። ሻጩ ለኢንስፔክሽን ጊዜ አልሰጥም ካለ ይተወው፤ ግሌንሞንት ውስጥ ያለው ቤት እሱ ብቻ አይደለም።