በአንድ ዓይን የተሳሉት ጳጳስ

ሮም ከመጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ አንዲት የ87 ዓመት እናት መንከባከብ ነው። ሲኞራ እላቸዋለሁ። ማታ እራት በልተን፣ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። የሮማ ጳጳስ ያለበት ፊልም ከመጣ ጣቢያ መቀየር የለም።

መጀመሪያ ሰሞን ይከብደኝ ነበር። ያደግኩት አቡን ሲያልፉ ሰው ነጠላውን አስተካክሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መስቀል ለመሳለም በሚሽቀዳደምበት ሰፈር ነው። ጳጳስን ተዋናይ ይጫወታቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። እዚህ ግን በ2016 የወጣው ተከታታይ ድራማ ላይ ወጣቱ ጳጳስ ሲጋራ ያጨሳሉ። በ2019ኙ ፊልም ላይ ሁለቱ ጳጳሳት ቤነዲክቶስና ፍራንቸስኮስ ተቀምጠው ፒዛ ይበላሉ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሲኞራ ደግሞ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ፣ የእሑድ ቅዳሴ የማያልፋቸው ሰው ናቸው። እኔ ስሸማቀቅ እሳቸው ፈገግ ብለው ያያሉ።

አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጣሊያናዊውን ባለቅኔ ዳንቴን ሲያጠና ሰማሁት። ዳንቴ ከ700 ዓመት በፊት ሲኦልን ሲያሳይ ጳጳሳትን እዚያ አስገብቷል። ሣልሳዊ ኒኮላስ የቤተ ክርስቲያንን ሹመት በገንዘብ ሸጠዋል ተብለው ጉድጓድ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው፣ የእግራቸው መዳፍ በእሳት ይነዳል። ታሪኩ የሚሆነው በ1300 ነው። ያኔ ቦኒፋስ ስምንተኛ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ለእሳቸውም ቦታ ተይዞ እየተጠበቁ ነው። ይህ ተደብቆ የሚነበብ ነገር አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚፈተንበት ነው።

የጣሊያኖች ተረትም እንደዚያው ነው። ፍቅረኛዋ ጥሏት የሄደችን ልጅ ሲያጽናኑ «ጳጳስ ሲሞት ሌላ ጳጳስ ይሾማል» ይሏታል። እኛም ብንሆን ቄስ ላይ እንተርታለን፤ «ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» እንላለን። ጳጳስ ላይ ስንደርስ ግን ምላሳችን ይያዛል። ቋንቋውም የሚያግዛቸው ይመስለኛል። በእኛ ካቶሊኮቹ የሮማውን አባት «ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት» ነው የሚሏቸው፤ ስሙ ራሱ ያስፈራል። በጣሊያንኛ «ፓፓ» ናቸው። ድምፁን መጨረሻው ላይ ከጣላችሁት ያው ቃል «አባዬ» ይሆናል።

ሲኞራ እግራቸው ደህና በነበረ ጊዜ ቪያ ዴል ኮርሶ ላይ ያለው የዶሪያ ፓምፊሊ ቤተ ሥዕል ወስደውኝ ያውቃሉ። ስፔናዊው ቬላስኬዝ በ1650 የሳላቸው የኢኖሰንት አሥረኛ ሥዕል እዚያ ነው። ቀይ ልብስ፣ ቀይ ቆብ፣ ላብ ያዘለ ፊት። ዓይናቸው ሰው አያምንም። ጳጳሱ ሥዕሉን ሲያዩ «እውነት በዝቶበታል» አሉ ይባላል። እኔ ደግሞ ፊቱ ቆሜ ያሰብኩት የአገሬን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሳላል፣ በአንድ ዓይን። እኚህ ጳጳስ ሁለት ዓይን አላቸው፤ ግን ጻድቅ አይመስሉም። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው በእኛ ግድግዳ ላይ የት ቦታ አለው?

የሮማው ጳጳስ በእኛ ትዝታ በአንድ ዓይን ነው የተሳሉት። ነገሩ ሩቅ ይሄዳል። አፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከዚያ ደግሞ 1935 መጣ፣ የጣሊያን ወረራ። እኛ ሰፈር ትልልቆቹ «የሮማው ጳጳስ መድፉን ባርከው ላኩብን» ነበር የሚሉት። እዚህ መጥቼ ሳነብ ነገሩ ከዚያ የተወሳሰበ ሆኖ አገኘሁት። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ፣ ሚላኖ ካቴድራል ውስጥ ሠራዊቱ የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ ይዞ እንደሚሄድ የሰበኩት ካርዲናል ሹስተር ናቸው። ጳጳሱ ፒዮስ አሥራ አንደኛ ግን ጥቂት ቀደም ብለው፣ በኦገስት፣ ለነርሶች ጉባኤ ሲናገሩ የወረራ ጦርነት ፍትሕ የሌለው ጦርነት እንደሆነ ተናግረው ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ግን በግልጽ አላወገዙም። ይህ እኔን የበለጠ ያመኛል። መድፍ የባረከ ክፉ ሰው ቢሆኑ ጠልቼ እገላገል ነበር። ስህተቱን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ግን ፊት ለፊት ነው የሚያየኝ፣ በሁለት ዓይኑ።

ሐሳቤን የቀየረው በ2011 የወጣ የናኒ ሞሬቲ ፊልም ነው፤ «ጳጳስ አግኝተናል» ማለት ነው ርዕሱ። አንድ ሳይታሰቡ የተመረጡ ሽማግሌ ካርዲናል አሉ። አደባባዩ ሞልቶ ሕዝቡ ይጠብቃል። ስማቸው ሊጠራ ሲል ይጮኻሉ። አልችልም ይላሉ። ሰገነቱ ላይ ሳይወጡ ይቀራሉ፣ ጠፍተው ሮም ከተማ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ይንከራተታሉ። መጨረሻ ላይ ወጥተው ሕዝቡን የሚመራችሁ ሰው እኔ አይደለሁም ይሉታል። ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ቤነዲክቶስ አሥራ ስድስተኛ በእውነትም ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ሲኞራ ያን ማታ ሲስቲን ጸሎት ቤት አጠገብ ስላለችው ትንሽ ክፍል ነገሩኝ። «የእንባ ክፍል» ትባላለች። አዲሱ ጳጳስ ነጩን ልብስ የሚለብሱት እዚያ ነው። ማን እንደሚመረጥ ስለማይታወቅ ልብሱ በትልቅ፣ በመካከለኛና በትንሽ ልክ ተሰፍቶ ይጠብቃል። ብዙዎቹ እዚያ ያለቅሳሉ ይባላል።

ይሄኔ ነው የገባኝ። ይህ ንቀት አይደለም። እኛስ ብንሆን ይህን ፍርሃት መች አጣነው? ለዘመናት ጳጳስ የምናስመጣው ከግብፅ ነበር። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ለፓትርያርክነት የተመረጠ መነኩሴ እንዳይሸሽ በሰንሰለት ታስሮ ይመጣ እንደነበር ይነገራል። ከሹመት የሸሹ አባቶችን ገድል እየሰማን ነው ያደግነው። ልባቸው ሲመታ፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ግን ማየት አንፈልግም። ወይ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ እንሰቅላቸዋለን፣ ወይ ደግሞ ሲያናድዱን ፌስቡክ ላይ ስማቸውን እናጠፋለን። መሃሉ ጠፍቶብናል። በ2023 ፍራንቸስኮስን ነጭ ወፍራም ጃኬት ያስለበሰው በኮምፒውተር የተሠራ ፎቶ ዓለምን ሲያዳርስ ከአዲስ አበባ እህቴ ልካልኝ ነበር። «ይሄ እውነት ነው?» አለችኝ። ያስደነገጣት ጃኬቱ አልነበረም፤ ጳጳስ እንደ ሰው ይበርዳቸዋል ወይ ነው።

ሜይ 8 ቀን 2025 የአዲሱን ጳጳስ ምርጫ ከሲኞራ ጋር በቀጥታ ስርጭት አየን። 133 ካርዲናሎች ገብተዋል፤ ከእኛም ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ውስጥ ነበሩ። ጳጳስ መመረጡን የሚያበስረው ነጩ ጢስ ወጣ። ሲኞራ እጄን ያዙኝ። ሊዮ አሥራ አራተኛ ሰገነቱ ላይ ሲወጡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ሰላም ለሁላችሁ ይሁን» አሉ። ሲኞራ «አየሽ፣ እኚህ ግን ወጡ» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አቡነ ጴጥሮስ ትዝ አሉኝ። ለሲኞራ ስለ እሳቸው መንገር ጀመርኩ። እኛም አንድ ታላቅ ባለቅኔ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ስለ አንድ ጳጳስ ተውኔት ጽፏል አልኳቸው። የመጨረሻዋን ሰዓታቸውን ነው የጻፈው፤ እንደ ልጅ ከእመቤታችን ጋር ይሟገታሉ። ሕዝቡ ለወራሪ እንዲገዛ ስበክ ተብለው እንቢ ያሉ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጅ 1936፣ አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ።

«ማን ነው የረሸናቸው?» አሉኝ።

«ጣሊያን።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱት። መቁጠሪያቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው በእጃቸው ጠቀለሉት። ብዙ ቆይተው ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ፦

«ፈርተው ነበር?»

ተውኔቱን በልቤ ከመጀመሪያው አስታወስኩት። «አዎ ሲኞራ፣ ፈርተው ነበር» አልኳቸው።