ይድረስ ለተከበርከው ቻርጀር፣ ጭንቅላትህም ገመድህም ባሉበት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ናፍቆት ስልህ ለወጉ አይደለም። ማታ ማታ አልጋ ስር ተንበርክኬ 4% በቀረው ስልክ እያበራሁ ስፈልግህ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አይታኝ፣ ልጄ ጸሎት ጀመረ ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ "እማዬ ቻርጀር አይተሻል?" ስላት ነው ፊቷ የጠቆረው።

ደብዳቤውን ለስልኩ ሳይሆን ላንተ የጻፍኩት አውቄ ነው። ሰው አዲስ ስልክ ሲገዛ ስለ ካሜራው ያወራል፣ ስለ ስቶሬጁ ምናምን፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ ዙም አድርጎ የጎረቤት መኪና ታርጋ ያነብልሃል፣ ስላንተ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ስልኩ ሙሽራ ነው አንተ አማት ነህ፣ ፎቶው ላይ ዳር ነው የምትቆመው ግን ቤቱን የምታዘው አንተ ነህ። ሙሽራውማ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊቱ ጥቁር ይላል፣ ከዛ ሁላችንም አንተን ፍለጋ እንበተናለን።

በናትህ ምን እንዳደረግከን ልንገርህ። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ገና ከበሩ "ቤቶች! እንደምን ናችሁ፣ ልጆቹስ፣ ስራስ" ይባል ነበር፣ እሱ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር። አሁን እንግዳው አንድ እግሩ ደጅ እያለ "ቻርጀር አለ?" ነው የሚለው፣ አለ ካልከው "የምን?" ይላል፣ ከዛ ያየህው ሶኬት አጠገብ ያለችውን ወንበር መርጦ ተቀምጦ ነው፣ ምሳ ቀረበ ተነስ ስትለው ገመዱ የማይደርስ ከሆነ እዚሁ አቅርቡልኝ ይላል። ይሄ እንኳን ይሁን። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንድ ሰውዬ ነፍስ ይማር ብሎ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ሁላችንም አንጀታችንን በላው፣ ምን ያህል ቢወዳቸው ነው አልን፣ ለካ ሶኬት እየፈለገ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሟች ልጅ ጠጋ ብሎ "እግዜር ያጥናችሁ፣ በርቱ... ታይፕ ሲ ይኖራል?"

እና ሰጠው! የሟች ልጅ ተነስቶ ሄዶ ከጓዳ አምጥቶ ሰጠው፣ ምን ያድርግ፣ በአሁኑ ጊዜ ቻርጀር የከለከለ ሰው ውሃ እንደከለከለ ነው የሚወራበት።

አንተ ድሮ እንደዚህ አልነበርክም። በኖኪያ ዘመን ሁለት ብቻ ነበርክ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው፣ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ኖኪያ 1100 ወፍራሙን ነበር የሚቀበለው፣ ከሱ በኋላ የመጡት ቀጭኑን። ሰፈር ውስጥ የማን ቤት ቀጭን እንዳለ የማን ቤት ወፍራም እንዳለ ህጻን ሳይቀር ያውቃል፣ "ሂድ ከነ እትዬ ቤት ቀጭኑን ተቀብለህ ና" ይባላል፣ ልጁ እየሮጠ ሄዶ ወፍራሙን ይዞ ይመጣል፣ ተመልሶ ይላካል። እሱም ካልተገኘ ባትሪው ተነቅሎ በሁለት ጥርሱ የሚነክሰው ባለቀለም መብራት አለ፣ ቀይ ሰማያዊ አረንጓዴ እያለ ሲጨፍር ያድራል፣ ቻርጅ ያድርግ አያድርግ ግን ጠዋት ነው የሚታወቀው። ደሞ ያኔ ባትሪው ቀናት ይቆይ ስለነበር አንተም ትከበር ነበር፣ ስራህን ሰርተህ ተጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጣለህ። አሁን ማን ይጠቀልልሃል፣ 24 ሰዓት ግድግዳው ላይ እንደተሰካህ ነህ።

ከዛ በሰላም መኖር ሲገባህ ዘርህ በዛ። አውሮፓውያኑ ራሳቸው መሯቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ስልክ ሰሪዎቹን ሰብስበው በናታችሁ ተስማሙ አሏቸው፣ ያኔ ገበያው ላይ ወደ 30 አይነት ነበርክ ይባላል። አፕል እሺ ብሎ ቢፈርምም የራሱን ቀጭን አፍ በ2012 ይዞ ወጣ፣ ከአስር አመት በላይም አልለቀቀም። በመጨረሻ ልመናው ህግ ሆነና ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ እዛ የሚሸጥ አዲስ ስልክ ሁሉ አፉ ታይፕ ሲ የሚባለው መሆን አለበት ተባለ፣ አፕልም አልቀረለትም ቀኑ ሳይደርስ በ2023 አይፎን 15 ላይ እጁን ሰጠ። እኛም በሰው ሀገር ህግ እዚህ አጨበጨብን፣ በቃ ተገላገልን፣ ከእንግዲህ "የምን?" የሚባል ጥያቄ የለም አልን።

የት ተገላገልን! መልክህ አንድ ሆነ እንጂ ጸባይህ ያው ነው። ድሮ ቀጭኑ ወፍራሙ ውስጥ አይገባም፣ ቁርጥህን ታውቃለህ። አሁን ሁሉም ይገባል፣ ሁሉም "ቻርጅ እያደረገ ነው" ይላል፣ ያቺ የመብረቅ ምልክት ቦግ ትላለች፣ እኔም ተማምኜ እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነሳ 31%። ሌሊቱን ሙሉ ምን ስታወሩ ነው ያደራችሁ? ነገሩ ሲጣራ አንዱ ገመድ ከ60 ዋት በላይ አይችልም፣ ሌላው ውስጡ ትንሽ ቺፕ ስላለበት እስከ 240 ዋት ያሳልፋል፣ ሌላው ደግሞ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ፋይል አያስተላልፍም፣ ሶስቱም ግን ነጭ ናቸው፣ ሶስቱም ሜትር ናቸው፣ ሶስቱም አፋቸው አንድ ነው። እንግዲህ ቺፑን በምን ልየው፣ ልላጠው?

ጭራሽ ከካርቶን ውስጥ ወጣህ። እ.ኤ.አ. 2020 ላይ አይፎን 12 ሲመጣ አፕል ጭንቅላትህን አስቀርቶ ገመዱን ብቻ ላከ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ነው ተባለ፣ ካርቶኑ ስለቀጠነም በአንድ ጭነት እስከ 70% ተጨማሪ ይገባል አሉ። ሳምሰንግ መጀመሪያ በፌስቡክ አሾፈበት፣ ብዙም ሳይቆይ በ2021 ጋላክሲ ኤስ 21 ላይ ራሱም አስቀረህ። አካባቢ መጠበቁ ጥሩ ነው አልጠላሁም፣ ግን ስንት ቤት ጠብ እንደገባ ማን ቆጠረ? ከአሜሪካ ስልክ ተልኮ ቤተሰቡ ሁሉ ካርቶኑን ገልብጦ እያራገፈ፣ ወረቀቷን እያነሳ፣ ከዛ ዝም ብሎ ያመጣውን ሰው ያያል። ሰውየው "ወላሂ ሳይኖረው ነው የመጣው" ይላል። "እሺ" ይሉታል። የእሺው አባባል ግን የሌባ ነው። ይሄው እስከዛሬ ስሙ ሲነሳ "ጥሩ ልጅ ነው፣ ያ የቻርጀሩ ነገር ነው እንጂ" ይባላል።

እሺ ልግዛህ ብዬ መርካቶ ስሄድ ደሞ ሌላ ጉድ። "ኦርጅናል አለ፣ ኦርጅናል ኮፒ አለ፣ ኖርማል አለ" ይለኛል ልጁ። ኦርጅናል ኮፒ ምንድነው ስለው በጣም አዝኖ ነው ያየኝ፣ ፋራ ነህ ማለት ከብዶት። ፋስት ነው? "ፋስት ነው ብሮ፣ እንደውም ቀስ ብለህ ተጠቀመው።" በሳምንቱ አንገትህ ላላ። ከዛ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፣ ወደ ግራ ትንሽ ታጥፈህ፣ ከስር ሲኒ ተደግፎልህ፣ ከላይ መዝገበ ቃላት ተጭኖህ ነው የምትሰራው፣ ቤቱ ውስጥ ማንም እንዳይራመድ። ታናሽ እህቴ ጀበና ልታነሳ ብላ ጠረጴዛውን ነካ ስታደርገው "ቲንግ" ብሎ ጠፋ፣ የዛን ቀን የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም። የእስኪርቢቶ ስፕሪንግ አንገትህ ላይ ጠመጠምኩልህ፣ በስኮች አሰርኩህ፣ ሆስፒታል የተኛ ሰው መሰልክ፣ አሁንም አልተሻለህም።

አንድ ነገር ግን ላመስግንህ፣ ከአሜሪካ በ110 ቮልት የመጣ የጸጉር ማድረቂያ እኛ 220 ላይ ሲሰካ ጭሱን አይተናል ሽታውም ቤቱ ውስጥ ሰንብቷል፣ አንተ ግን ሆድህ ላይ ጉንዳን በማታነበው ፊደል "100-240" ተብሎ ስለተጻፈብህ የትም ሀገር ትበላለህ። ችግሩ እግርህ ነው። የዱባዩ ሶስት አራት ማዕዘን እግር አለው፣ የአሜሪካው ሁለት ጠፍጣፋ፣ የኛ ግድግዳ ሁለት ክብ ቀዳዳ። ስለዚህ አዳፕተር ላይ አዳፕተር፣ እሱ ዲቫይደር ላይ፣ ዲቫይደሩ ሌላ ዲቫይደር ላይ፣ ግድግዳው ላይ ኮንዶሚኒየም ሰርተሃል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለውን ግርግርማ ተወው። "መጣ!" የምትለዋ ቃል ከልጅ አፍ ሳትጨርስ አባወራው በካልሲ እየሮጠ ነው። ድሮ በቤታችን ወግ ታላቅ ይቀድማል፣ አሁን ፐርሰንቱ ያነሰ ነው የሚቀድመው፣ ስለዚህ ሁሉም ይዋሻል። "እኔ 2% ነኝ።" "እስቲ አሳየኝ።" "አላሳይም።" አባቴ እንኳን በዛ እድሜያቸው 40% ይዘው "ሊዘጋብኝ ነው ልጄ" ይላሉ።

ስልክ ሲዘጋ ድሮ ሰው ነበር የማታገኘው፣ አሁን ብርህም አብሮ ይዘጋል። ቴሌብር በኛ አቆጣጠር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ኪሱ ውስጥ ብር የሚይዝ ሰው እየጠፋ ነው፣ በ2015 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በዲጂታል ካልሆነ አይቀዳም ተባለ። አንድ ባለ ላዳ ሰልፍ ላይ ሲገፋ ሲገፋ ውሎ ተራው ሲደርስ ስልኩ ድርግም አለበት። ብር አለው፣ ነዳጁም አለ፣ አንተ የለህም። ከኋላው ያለው ክላክስ ሲቀላቀልበት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለማያውቀው ህዝብ "ቻርጀር ያለው!" ሲል ሰማሁት፣ ድምጹ ውስጥ ለቅሶ ነበረበት።

አሁን ደሞ ሰምተሃል አይደል፣ አድገሃል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ ወዲህ ከተማው በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ ያም መኪና የሚበላው ካንተ እጅ ነው። እና የቻይናው ጂቢቲ የሚባል አፍ አለው፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ የሚባል ሌላ አፍ። ባለፈው አንዱ ሚሊዮኖች የወጣበት መኪና ይዞ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ሄዶ ገመዱን አነሳ፣ ሊሰካ አየው፣ አዙሮ አየው፣ ከዛ ለጥበቃው "ጋሼ፣ ሌላኛው የለም?" አላቸው። ጋሼም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ "የምን?" አሉት።

ጥያቄዬ ብዙ አይደለም። ያጎቴ ልጅ ፋሲካ ላይ "ለአምስት ደቂቃ" ብሎ የወሰደውን ወንድምህን ያየኸው እንደሆነ ገና እየጠበቅነው መሆኑን ንገርልኝ፣ ጭንቅላቱ እኛ ጋር ነው፣ እሱ ዘንድ ያለው ገመዱ ብቻ ስለሆነ ለሱም አይጠቅመውም። ከተቻለ ደግሞ ገመድህን አንድ ክንድ ጨምርልን፣ አልጋውን ወደ ሶኬቱ ስንጎትት ወለሉ ተቧጨረ፣ አከራያችን እየጠየቁ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
1% ላይ ያለ ወዳጅህ

ግልባጭ፦
ለዲቫይደር፣ ባለህበት (ትሞቃለህ ግን ደህና ነህ?)
ለፓወር ባንክ፣ ቻርጅ የሚያደርግልህ ስታገኝ የምታነበው
ላጎቴ ልጅ