ማስተካከያ፦ ሰብ ኮንትራክተሩ ያመጣው ቲነር የእሱ ጣጣ ብቻ አይደለም

ድሬዳዋ ባሉ የግንባታ ሰዎች መካከል ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ነበር። «ሰብ ኮንትራክተሩ (ከዋናው ተቋራጭ የሥራ ክፍል ወስዶ የሚሠራው) ቀለሙንና ማስቲሹን ራሱ ከመረጠ የአደጋ ስጋት ግምገማው የእሱ ነው፤ ዋናው ተቋራጭ አያገባውም» ይላል። ልክ አይደለም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ድርጅቶች አንድ ቦታ ላይ አብረው ሲሠሩ በደኅንነት ጉዳይ እንዲተባበሩ ያዛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የሠራተኞቹን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ቲነሩን (ቀለም ማቅጠኛውን) የገዛው ሌላ ሰው ነው ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

ነገሩም ግልጽ ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ፎቅ ላይ ቀለም ሲቀባ በደረጃው ወርዶ ምድር ቤት ሊጠራቀም ይችላል፣ እዚያ ደግሞ የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ብየዳ ላይ ከሆነ ትነቱ በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። በድሬ ሙቀት ትነቱ ይብሳል። ተራ የአቧራ ማስክ ትነት አያስቆምም።

ስለዚህ በጽሑፉ ተማምናችሁ የሰብ ኮንትራክተሮችን ዕቃ ከግምገማችሁ ያወጣችሁ መልሱት። ሥራው ሳይጀመር የእያንዳንዱን ምርት የደኅንነት መረጃ ወረቀት ጠይቁ። 16 ክፍል አለው፤ ቢያንስ ክፍል 2ን (አደጋው ምን እንደሆነ) እና ክፍል 8ን (መከላከያው) አንብቡ። ቀለም ቀቢው «ያኛው ገበያ ላይ ጠፋ» ብሎ ሌላ ብራንድ ይዞ ከመጣ፣ ጣሳው ሳይከፈት ግምገማው እንደገና ይታያል።