እርማት፦ «ፌይንት» ከመነሻው ራስን መሳት አልነበረም

«ፌይንት» (faint) የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ከጥንት ራስን ስቶ መውደቅ ማለት እንደ ነበረ፣ ለደበዘዘ ቀለምና ለሰለለ ድምፅ መነገሩም ከዚያ የተወሰደ ዘይቤ እንደ ሆነ የሚነገረው፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ቢሆንም፣ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ቃሉ እ.ኤ.አ. 1300 ገደማ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲገባ ትርጉሙ ደካማ፣ ወኔ ቢስና የይስሙላ ነበር፤ ራስን መሳት የተጨመረው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው። የፈረንሳይኛው ግስ ማስመሰልንና መለገምን ይገልጽ ነበርና (ለግመኛና ደካማ ከሩቅ ሲታዩ መቼም አይለዩም) ቦክሰኛ ተቀናቃኙን ለማታለል የሚሰነዝረው የሐሰት ቡጢም፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ቢለይም፣ የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የኪንግ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ በኢሳይያስ 40፥31 «ፌይንት»ን በግስነት ባስገባበት ቦታ የአማርኛው «ይሄዳሉ፥ አይደክሙም» ይላል፤ «ራሳቸውን አይስቱም» ቢባል ኖሮ ንባቡ ምን ያህል እንግዳ በሆነ ነበር! ዛሬም ታካሚ «አይ ፊል ፌይንት» ሲል አቅም እንዳነሰውና ራሱ እንደ ዞረበት መናገሩ ነውና፣ አስተርጓሚው «ራሱን ስቷል» ብሎ ለሐኪም ቢያስተላልፍ ያልሆነውን እንደ ሆነ ያስመዘግባል።