ሁለት ሙሐመድ በአንድ ገመድ

ቅዳሜዬን ዲስክ በላብኝ! ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙን ተዉት። የሒሳብ መዝገቡ ሁሉ ያለው አንድ ያረጀ ሰርቨር ውስጥ ነው። ቦታው ስለሞላ ሁለተኛ ዲስክ ጨምርልን ተባልሁ። ኃላፊው ጋሼ «ገመድ መሰካት አይደል እንዴ? ለምሳ ቤትህ ትደርሳለህ» አሉኝ።

ገመድ መሰካት!

ስካዚን፣ ይህ ሰርቨር ዲስኮቹን የሚያገናኝበትን የድሮ የገመድ ሥርዓት፣ የማታውቁ ሰዎች እንዴት ታድላችኋል። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው። በዚያ ባለ 50 ፒን ጠፍጣፋ ገመድ ላይ ዲስኮቹን የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ጨምሮ 8 መሣሪያ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 7 የራሱ ቁጥር ሊኖረው ግድ ነው። 7ን አብዛኛውን ጊዜ ኮንትሮለሩ ይይዘዋል፤ በቅድሚያ ከሁሉም የሚበልጥ ቁጥር ነውና። ለዲስክ 7 ቦታ ተረፈ ማለት ነው። እኔ ሁለቱን ማስቀመጥ አቃተኝ።

ሰካሁ፤ አበራሁ። ኮምፒውተሩ መሣሪያ መፈለግ ጀመረና እዚያው ደርቆ ቀረ። ስህተቱ ምን እንደሆነ አንዲት ቃል እንኳን አይተነፍስም። ለካ ሁለቱም ዲስኮች ቁጥራቸው 0 ኖሯል። ፒያሳ መሐል ቆሞ «ሙሐመድ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው፤ የትኛው ይዙር?

ቁጥሩ የሚለወጠው ጃምፐር በምትባል፣ ሁለት ፒኖችን ሸፍና በምታገናኝ ቁራጭ ነው። ሦስት ጥንድ ፒኖች አሉ፤ ዋጋቸው 1፣ 2 እና 4 ሲሆን የተሸፈኑት ይደመራሉ። የትኛው ጥንድ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ወረቀት ግን ከዲስኩ ጀርባ ተልጦ ጠፍቷል። አሮጌ ዲስክ የሸጠልኝ ሰው እጁን ይመልከትና! ከምስር ፍሬ የማትበልጠውን ጃምፐር ቡና ከሚያፈሉት እትዬ በተዋስሁት ወረንጦ ይዤ ልሰካ ስል አመለጠችኝ። ይህን ጊዜ መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን ጠረጴዛ ሥር ስንበረከክ አቦሉ አልፎ ቶናው ደርሷል። «አብሽር የኔ ልጅ» ይሉኛል እትዬ ከላይ።

መብራት ተመለሰ፤ ሁለቱም ዲስኮች ታዩ። እፎይ ብዬ ፋይል መገልበጥ ስጀምር መሐል ላይ ተቋረጠ። ደገምሁ፤ ተቋረጠ።

ተርሚኔተር! የገመዱ መዝጊያ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ መኖር አለበት። ጫፍ ላይ ከሌለ በገመዱ የሚሄደው ምልክት ተመልሶ ይመጣል፤ ገደል ማሚቶ ምን እንደሆነ ለደሴ ልጅ አይነገርም። መሐል ላይ ከተጨመረ ደግሞ ምልክቱን ያዳክመዋል። አንዱን ጫፍ ኮንትሮለሩ፣ ሌላውን ነባሩ ዲስክ በሥርዓት ዘግተውታል። መሐል የገባው አዲሱ እንግዳ ግን የራሱን ተርሚኔተር ይዞ መጥቷል። የእሱም ማጥፊያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሌላ ጃምፐር።

ወረንጦውን ለሁለተኛ ጊዜ ተዋስሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ፋይሉ ያለ እንከን ተገለበጠ። ጋሼ ከበስተኋላዬ ቆመው ነቅዬ ያስቀመጥኋትን ጃምፐር በጣታቸው ገፋ አድርገው አይዋትና «ቀኑን ሙሉ የዋልኸው ይህቺን ለመንቀል ነው?» አሉኝ።